የደም ግፊትና ዋና

የደም ግፊትና ዋና ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸው አዋቂዎች ለመዝናናትና ለጤናቸው ሲዋኙ በሰውነታቸው ላይ የሚታየውን ለውጥ፣ ከዋና የሚያገኙትን ጥቅምና ሊያደርጉ የሚገባቸውን ጥንቃቄ የሚመለከት የጤና ርዕስ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት በተለምዶ «ደም ብዛት» ወይም በአጭሩ «ግፊት» ይባላል። ሕመሙ ቁጥጥር ሥር ለሆነለት ሰው ዋና ከሚመከሩት የአካል ብቃት እንቅስቃሴዎች አንዱ ነው። ቁጥጥር ሥር ካልሆነ ግን ውሃ ውስጥ የሚያጋጥም ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም ራስን መሳት በየብስ ላይ ከሚያጋጥመው ይልቅ ለሞት የቀረበ ነው፤ መንገድ ላይ የወደቀን ሰው አላፊ አግዳሚው ያነሣዋል፣ ሐይቅ ውስጥ የሰመጠውን ግን የሚያየው ላይኖር ይችላል።

በኢትዮጵያ ዋና የሚዘወተረው በሆቴል ገንዳዎች፣ በፍል ውሃ መዝናኛዎችና በተፈጥሮ ሐይቆች ነው። ከሐይቆቹ አንዱ በደቡብ ወሎ ዞን በተሁለደሬ ወረዳ የሚገኘው የሐይቅ ሐይቅ ነው። ከፍታው፣ ጥልቀቱና የውሃው ጠባይ ለደም ግፊት ታማሚ የራሳቸው ትርጉም ስላላቸው ይህ ጽሑፍ አካባቢውን እንደ ምሳሌ ይጠቅሳል።

ትርጉምና አለካክ

የደም ግፊት ማለት ልብ የምትረጨው ደም የደም ቅዳ ቧንቧዎችን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው። የሚለካው በሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲሆን በሁለት ቁጥሮች ይገለጻል። የላይኛው ቁጥር ልብ ስትኮማተር ያለውን ግፊት፣ የታችኛው ደግሞ ልብ ስታርፍ ያለውን ግፊት ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠቀምበት ትርጉም፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 እና ከዚያ በላይ፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሰውዬው ከፍተኛ የደም ግፊት አለበት ይባላል። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት መመሪያ መነሻውን ወደ 130/80 ዝቅ አድርገውታል።

ልኬቱ ትክክል እንዲሆን ተለኪው ከመለካቱ በፊት ባሉት 30 ደቂቃዎች ቡና መጠጣት፣ ማጨስ ወይም ስፖርት መሥራት የለበትም። ሽንቱን ሸንቶ፣ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሮቹን መሬት አስረግጦና ሳያነባብር 5 ደቂቃ ያህል በጸጥታ መቀመጥ፣ ክንዱንም በልቡ ትክክል ማሳረፍ ይኖርበታል። ለዋናተኛ በተለይ የሚታወስ ነገር አለ። ከውሃ እንደወጡ የሚወሰድ ልኬት አያስተማምንም። ልብ ገና ከድካሙ ስላልተመለሰ ቁጥሩ ከፍ ሊል፣ ወይም ከእንቅስቃሴ በኋላ የደም ቧንቧዎች ስለሚሰፉ ከወትሮው ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ቅናሽ ለተወሰኑ ሰዓታት የሚቆይ በመሆኑ «ግፊቴ ድኗል» የሚያሰኝ አይደለም። የሚታመነው በተለያዩ ቀናት፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከዋና በፊት የሚመዘገበው ልኬት ነው።

ውሃ ውስጥ የሚታይ ለውጥ

ሰው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃው ሰውነቱን ከየአቅጣጫው ይጫነዋል። በ1 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለው የውሃ ጫና 74 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ነው። በዚህ ጫና ምክንያት በእግርና በሆድ ደም መላሾች ውስጥ የነበረ ደም ወደ ደረት ይገፋል፤ መጠኑም ከግማሽ ሊትር በላይ ይደርሳል። ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስለሚጨምር የምቷ ብዛት ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ ዋናተኛ በተመሳሳይ ድካም ከሚሮጥ ሰው ያነሰ የልብ ምት ይኖረዋል።

የልብ ክፍሎች በደም ሲወጠሩ ሰውነት ትርፍ ፈሳሽ እንዳለበት ይቆጥራል። ስለዚህ ጨውና ውሃ በሽንት እንዲወጡ የሚያዙ ሆርሞኖች ይጨምራሉ፣ ሽንትን የሚቆጥበው ሆርሞን ደግሞ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ውሃ ውስጥ ሲቆይ ሽንቱ የሚመጣው ስለዚህ ነው። ዋናተኛ ላቡ ስለማይታወቀው አልጠማኝም ቢልም፣ ከውሃ ሲወጣ ሰውነቱ ከገባበት ጊዜ ያነሰ ፈሳሽ ይዟል።

ከውሃ የሚወጡበት ቅጽበት ራሱን የቻለ ለውጥ ያመጣል። የውሃው ጫና ባንድ ጊዜ ስለሚነሣ ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ የደም ግፊትም በድንገት ሊቀንስ ይችላል። የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ቅናሹ ስለሚበረታ በመሰላል ሲወጣ ወይም ከዋና በኋላ ሙቅ ሻወር ሲወስድ ሊያዞረው ይችላል።

ፊት ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካውና ትንፋሽ ሲያዝ ደግሞ ሌላ ተፈጥሯዊ ምላሽ ይነሣል። የልብ ምት ይዘገያል፣ የእጅና የእግር የደም ቧንቧዎች ይጠባሉ፣ የደም ግፊትም ይጨምራል። ይህ ጤናማ ሰውን ብዙም አይጎዳም። ግፊቱ አስቀድሞ ከፍ ያለ ወይም የልብ ምት መዛባት ያለበት ሰው ግን ሊጎዳበት ይችላል።

ጥናቶች ያሳዩት

ዋና በደም ግፊት ላይ ያለው ውጤት ከእርምጃና ከሩጫ ያነሰ ጥናት የተደረገበት ሲሆን የተገኙት ውጤቶችም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም።

እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመ ጥናት፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባቸውና እንቅስቃሴ ያልለመዱ ሰዎች ለ10 ሳምንታት ሲዋኙ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ከ150 ወደ 144 መውረዱን አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ በሆኑና ግፊታቸው መጠነኛ ጭማሪ በታየባቸው ሰዎች ላይ የተደረገ ነው። ከ12 ሳምንታት ዋና በኋላ የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ ከ131 ወደ 122 ወርዷል፤ የደም ቅዳ ቧንቧዎቻቸውም የመለጠጥ ችሎታ ተሻሽሏል።

በአንጻሩ በአውስትራሊያ ከ50 እስከ 70 ዓመት ዕድሜ ባላቸው ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ጥናት፣ ለ6 ወራት የዋኙት ሴቶች የላይኛው ግፊት በእርምጃ ከተንቀሳቀሱት ጋር ሲነጻጸር በ4 ነጥብ ገደማ ከፍ ብሎ አግኝቶታል። ለልዩነቱ የተለያዩ ምክንያቶች ሊቀርቡ ይችላሉ። የውሃው ቅዝቃዜ፣ የትንፋሽ አያያዝና ከእግር ይልቅ በክንድ ጡንቻ መሥራት ግፊትን ከፍ ሊያደርጉ የሚችሉ ናቸው፤ አንዳንድ የጥናቱ ተሳታፊዎች መነሻ ግፊት ዝቅተኛ መሆኑም ውጤቱን ሊለውጥ ይችላል።

ከእነዚህ ጥናቶች የሚወሰደው ትምህርት፣ ዋና ለብዙ ሰው ግፊትን የሚያወርድ ቢሆንም እያንዳንዱ ሰው ውጤቱን በራሱ ልኬት ማረጋገጥ እንዳለበት ነው። ከሁለትና ሦስት ወራት ዋና በኋላ ቁጥሩ ካልወረደ ወይም ከጨመረ፣ እርምጃን መጨመርና መድኃኒቱን ከሐኪም ጋር መመርመር ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከጤና ሚኒስቴርና ከዓለም ጤና ድርጅት ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ባካሄደው አገር አቀፍ ቅኝት፣ ከ15 እስከ 69 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ኢትዮጵያውያን ወደ 16 ከመቶ የሚሆኑት ከፍተኛ የደም ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አብዛኞቹ ሕመሙ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ከፍተኛ የደም ግፊት ለዓመታት ያለ ምንም ምልክት ሊቆይ ስለሚችል ብዙ ሰው የሚያውቀው ስትሮክ ሲመታው፣ ልቡ ሲደክም ወይም ኩላሊቱ ሲጎዳ ነው።

ሕክምናው በሆስፒታል ብቻ የሚሰጥ አይደለም። ጤና ጣቢያዎች ግፊት ይለካሉ፣ መድኃኒት ያስጀምራሉ፣ ክትትልም ያደርጋሉ። የሐይቅ ከተማ የምትገኝበት ተሁለደሬ ወረዳ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በኢትዮጵያ ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድኑ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ግፊት ባንድ ወር ወጪ የሚያልቅ ሕመም አይደለምና።

የመድኃኒት ክትትል መቋረጥ የሚያስከትለው ጉዳት በደቡብ ወሎ በቅርብ ጊዜ ታይቷል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ሐይቅ በደረሰበት ወቅት የአካባቢው የጤና ተቋማት ጉዳትና ዝርፊያ ደርሶባቸዋል፤ የማያቋርጥ ክትትል የሚሹ ታማሚዎችም መድኃኒትና ሐኪም አጥተዋል። ለወራት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ወደ ዋናም ሆነ ወደ ሌላ ስፖርት ከመመለሱ በፊት እንደ አዲስ ታማሚ መለካትና መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ መጀመር አለበት።

የሐይቅ ሐይቅና አካባቢው

የሐይቅ ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ይገኛል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከባሕር ጠለል በላይ ያለው ከፍታም ወደ 2,000 ሜትር የተጠጋ ነው። በስተደቡብ ምሥራቁ የአርዲቦ ሐይቅ፣ በስተሰሜኑ ደግሞ የአምባሰል ተራሮች ይገኛሉ። በሐይቁ ውስጥ በተዘረጋው ልሳነ ምድር ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ገዳሙ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን ትልቅ የትምህርት ማዕከል የነበረ ሲሆን፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም በዚያ ተምረዋል። የገዳሙ ክልል ሴቶች የማይገቡበት የጸሎት ቦታ በመሆኑ ለዋና የሚመጣ እንግዳ ከገዳሙ ዳርቻ ርቆ፣ የአካባቢው ነዋሪዎች በሚያሳዩት ስፍራ መዋኘት ይገባዋል።

ለደም ግፊት ታማሚ የሐይቁ ሦስት ጠባዮች ትኩረት ይሻሉ።

የመጀመሪያው ከፍታው ነው። በ2,000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 79 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ለሐይቅ፣ ለደሴ ወይም ለአዲስ አበባ ነዋሪ ይህ የለመደው አየር ነው። ከአፋር ቆላ፣ ከጅቡቲ ወይም ከውጭ አገር ዝቅተኛ ቦታ የመጣ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ያልከዋል፤ የደም ግፊቱም ከወትሮው ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ እንግዳው ሁለት ሦስት ቀን አርፎ፣ ግፊቱን ለክቶ፣ አጭር ርቀት በመዋኘት ቢጀምር ይመረጣል።

ሁለተኛው ጥልቀቱ ነው። እንደ ገንዳ ጠርዝ የሚያዝ ነገር የለም። የደከመው ወይም ያዞረው ሰው የሚቆምበት መሬት እንዲያገኝ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆኖ ውሃው ከደረት በማያልፍበት ቦታ መዋኘት አለበት። ወደ ሐይቁ መሐል መዋኘት ታንኳ ካልተከተለና የመንሳፈፊያ ጃኬት ካልተያዘ አይመከርም።

ሦስተኛው ብልሃርዚያ ነው። በሐይቅ ከተማ ተማሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የአንጀት ብልሃርዚያ በአካባቢው መኖሩን አሳይተዋል። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ስለሚገባ ውሃውን ሳይጠጡም ይተላለፋል። ቀንድ አውጣዎቹ የሚበዙት ሣርና ደንገል ባለበት ጥልቀት የሌለው ዳርቻ ነው፤ ስለዚህ ከሣር የጸዳ ዳርቻ መምረጥ አደጋውን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። በሐይቁ የዋኘ ሰው ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ሰገራውን ቢመረመር መልካም ነው። ሕክምናው ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ነው። ሳይታከም የቆየ ብልሃርዚያ ጉበትን ጎድቶ በጉበት ደም መላሽ ውስጥ ያለውን ግፊት ከፍ ያደርጋል። ይህ ግፊት በክንድ ከሚለካው የደም ግፊት የተለየ ሕመም ሲሆን በግፊት መለኪያ አይታወቅም።

ዋና ከመጀመር በፊት

ግፊቱ ከ140/90 በታች የተረጋጋና ሌላ ሕመም የሌለበት ሰው ቀስ ብሎ በመጀመር ሊዋኝ ይችላል። በዕረፍት ላይ ሳለ የላይኛው 180 ወይም የታችኛው 110 የደረሰ ሰው ግን ቁጥሩ በሕክምና እስኪወርድ ድረስ ውሃ ውስጥ መግባት የለበትም። በእነዚህ መካከል ያለ ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ መጀመር ይኖርበታል።

የሚከተሉት ሰዎች ግፊታቸው ቢስተካከልም አስቀድመው የልብ ምርመራ ማድረግ አለባቸው፦

- ቀደም ሲል ስትሮክ ወይም የልብ ድካም የነበረባቸው፤
- ሲንቀሳቀሱ ደረታቸውን የሚያማቸው ወይም ከልክ በላይ የሚያልካቸው፤
- ራሳቸውን ስተው የሚያውቁ ወይም የልብ ምት መዛባት ያለባቸው፤
- የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፤
- በቤተሰባቸው ውስጥ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያላቸው።

ነፍሰ ጡር ሴት ለደም ግፊቷ የተለየ ክትትል ስለሚያስፈልጋት መዋኘቷን የሚወስነው የሚከታተላት ሐኪም ነው።

የልምምድ አያያዝ

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ሁሉንም በዋና መሙላት አያስፈልግም። በሳምንት ሦስት ቀን 30 ደቂቃ የሚዋኝ ሰው ቀሪውን በፈጣን እርምጃ ማሟላት ይችላል። ሁለቱን ማቀላቀል ጥሩ ነው፤ ገንዳው በሚዘጋበት ወይም የሐይቁ ውሃ በሚበርድበት ወቅትም እንቅስቃሴው እንዳይቋረጥ ያደርጋል።

ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 1 ወይም 2 ደቂቃ ዋኝቶ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ አርፎ፣ በድምሩ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ቢሠራ በቂ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረ ወደ 30 ደቂቃ ይደርሳል። ከዋናው በፊት ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውሃ ውስጥ መራመድና በዝግታ መዋኘት፣ በመጨረሻም እንዲሁ ቀስ ብሎ ማብረድ ያስፈልጋል። ጠንክሮ ዋኝቶ በድንገት ከውሃ መውጣት ለራስ ማዞር ዋነኛ ምክንያት ነው።

የጉልበት መጠን የሚለካው በንግግር ነው። ዋናተኛው ዳር ሲደርስ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻለ መጠኑ ልክ ነው። ከአንድ ቃል በላይ መናገር ካቃተው ጉልበቱን መቀነስ አለበት። የልብ ምት ቆጥሮ መጠን መወሰን ለዋናተኛ ብዙም አይሠራም፤ ምክንያቱም ውሃው ራሱ የልብ ምትን ይቀንሳል፣ አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ከአዋዋን ዓይነቶች የጀርባ ዋና ፊት ከውሃ ውጭ ስለሚሆን ትንፋሽን ለማስተካከል ይረዳል። የደረት ዋናም በዝግታ ሊዋኝ የሚችል ነው። የቢራቢሮ ዋና ግን ብዙ ኃይል የሚጠይቅና ትንፋሽ ለመያዝ የሚገፋፋ ስለሆነ ለደም ግፊት ታማሚ አይመከርም። በየትኛውም ዓይነት ትንፋሽን ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ማስወጣት እንጂ አፍኖ መያዝ አይገባም። ዋና የማይችል ሰው ደረቱ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ቢራመድም ከውሃው ጥቅም ያገኛል።

መድኃኒቶችና ዋና

በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዘዙ የግፊት መድኃኒቶች ከዋና ጋር ያላቸው ግንኙነት እንደየዓይነታቸው ይለያያል።

- አምሎዲፒን፦ የደም ቧንቧዎችን ያሰፋል። ቁርጭምጭሚት ሊያሳብጥና በድንገት ሲነሡ ሊያዞር ይችላል። ከውሃ ሲወጡ በመሰላሉ ላይ ጥቂት መቆየት ይረዳል።
- ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ሌሎች የሚያሸኑ መድኃኒቶች፦ ሰውነት ውሃና ፖታሲየም እንዲያጣ ያደርጋሉ። ዋናም ሽንትን ስለሚጨምር ሁለቱ ሲደራረቡ የጡንቻ መሸማቀቅና ድካም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ከዋና በፊትና በኋላ ውሃ መጠጣት፣ ፖታሲየምንም በደም ምርመራ መከታተል ያስፈልጋል።
- ኢናላፕሪልና መሰሎቹ፦ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣሉ። ሳሉ ውሃ ውስጥ ስለሚያስቸግር ለሐኪም ተነግሮ መድኃኒቱ ሊለወጥ ይችላል። እነዚህ መድኃኒቶችና ሎሳርታን ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጡም።
- አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል፦ የልብ ምትን ይቀንሳሉ፤ ቶሎ ሊያደክሙም ይችላሉ። በድንገት ማቋረጣቸው አደገኛ ነው።

ዋናተኞች ትከሻቸውን ሲያማቸው የሚወስዷቸው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። አፍንጫቸው ሲታፈን የሚወስዷቸው አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም ሱዶኤፌድሪን ስላለባቸው ግፊትን ይጨምራሉ። ሁለቱም ዓይነቶች ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ታማሚው መድኃኒት ሲገዛ ግፊት እንዳለበት ለፋርማሲ ባለሙያው መንገር አለበት።

አደጋዎች

ቀዝቃዛ ውሃ። ከ15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ውሃ ውስጥ በድንገት መግባት ትንፋሽን ያስቆርጣል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። ከዚህ ሞቅ ባለ ውሃም ዘሎ መግባት ለታማሚ አይጠቅምም። በደጋ ሐይቆች ጠዋት ውሃውም አየሩም ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይ ከወጣች በኋላ፣ መጀመሪያ እግርን፣ ቀጥሎ እጅንና ፊትን አስነክቶ ቀስ ብሎ መግባት ይገባል። ለውድድር የሚዘጋጁ ገንዳዎች ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሲሆን ይህ ለአብዛኛው ሰው ተስማሚ ነው።

ፍል ውሃ። በሶደሬና በአዲስ አበባ ፍልውሃ እንደሚገኘው ያለ የተፈጥሮ ሙቅ ውሃ የቆዳ የደም ቧንቧዎችን ያሰፋል፣ የደም ግፊትንም ለጊዜው ያወርዳል። መድኃኒት የወሰደ ሰው ብዙ ሲቆይ ራሱን ሊስት ይችላል። በ40 ዲግሪ አካባቢ ባለ ውሃ ከ10 ደቂቃ ብዙ አለመቆየት፣ አልኮል ጠጥቶ አለመግባት፣ ከሙቁ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛው አለመዝለል ይመከራል።

ትንፋሽ መያዝ። ውሃ ውስጥ ማን ብዙ ይቆያል የሚል ውድድር ጤናማ ወጣትንም ራሱን አስቶ ሊያሰምጥ ይችላል። ለደም ግፊት ታማሚ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በሳንባ ውሃ መቋጠር። አልፎ አልፎ ሲዋኙ በተለይም በቀዝቃዛ ውሃ ጠንክረው ሲዋኙ ከደም ወደ ሳንባ ፈሳሽ ይሠርጋል። ምልክቶቹ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሳልና አረፋማ ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ናቸው። ከፍተኛ የደም ግፊት ለዚህ ከሚያጋልጡ ነገሮች አንዱ ነው። ብዙ ሰው ውሃ ትን ያለው መስሎት መዋኘቱን ይቀጥላል። የሚገባው ግን ወዲያው ከውሃ መውጣት፣ ቀና ብሎ መቀመጥ፣ መሞቅና ወደ ሕክምና መሄድ ነው። አንድ ጊዜ ያጋጠመው ሰው ሊደገምበት ስለሚችል ሳይመረመር ወደ ውሃ መመለስ የለበትም።

ምግብ፣ ጨውና ጾም

እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው ቅኝት የኢትዮጵያውያንን አማካይ የጨው አወሳሰድ በቀን ከ8 ግራም በላይ አድርጎ ገምቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ነው። ጨው በወጥና በሽሮ፣ በበርበሬና በሚጥሚጣ፣ በዳቦም ውስጥ ይገባል። በወሎና በሌሎች አካባቢዎች ቡናን በጨው የመጠጣት ልማድ አለ። በቀን ብዙ ስኒ ለሚጠጣ ሰው ይህ ብቻውን ቀላል የማይባል ጨው ነው። በዋና ላብ ወጣልኝ ብሎ ጨው መጨመር አያስፈልግም፤ ለግማሽ ሰዓት ዋና ንጹሕ ውሃ ይበቃል።

ጾም በዋናና በመድኃኒት ላይ ለውጥ ያመጣል። በረመዳን ቀኑን ሙሉ ውሃ የማይጠጣ ሰው፣ በዐቢይ ጾምም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ሆዱ ባዶና ሰውነቱ ፈሳሽ ያነሰው ሆኖ ቢዋኝ ሊያዞረው ይችላል። ዋናውን ከማፍጠሪያ ወይም ከምግብ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ማድረግ ይሻላል። በቀን አንዴ የሚወሰዱ መድኃኒቶችን ሰዓት ወደ ምሽት ማዛወር የሚቻለው በሐኪም ምክር ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ጾምን የሚያቀሉበት ሥርዓት አላቸው።

ጠበል የሚጠመቁ ታማሚዎችም መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውም። ጠበሉ በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ስለ ቀዝቃዛ ውሃ የተነገረው ጥንቃቄ ለዚያም ይሠራል።

የተሳሳቱ አመለካከቶች

- «ደም ብዛት ማለት ደም መብዛት ነው።» ስያሜው ይህን ቢያስመስልም ሕመሙ የደሙ መብዛት ሳይሆን የግፊቱ ከፍ ማለት ነው። ደም ማስወጣት ወይም ዋግምት ሕክምናው አይደለም።
- «ካላመመኝ ግፊት የለብኝም።» አብዛኛው ታማሚ ምንም አይሰማውም። ራስ ምታት አለመኖሩ ግፊቱ ልክ ነው ማለት አይደለም።
- «ዋና ከጀመርኩ መድኃኒት አያስፈልገኝም።» በጥናት የታየው ቅናሽ ጥቂት ነጥቦች ነው። 165 ለደረሰ ሰው ዋና ብቻውን አይበቃም። መድኃኒት የሚቀነሰው ልኬቱ ለወራት ተረጋግቶ ሐኪም ሲወስን ነው።
- «ግፊት ያለበት ሰው ስፖርት አይሠራም።» ቁጥጥር ሥር የሆነ ግፊት ያለበት ሰው መንቀሳቀስ ይገባዋል። የሚጎዳው በአንድ ቀን ብዙ መሥራትና ለሳምንታት መተው ነው።

ወዲያው ከውሃ መውጣት የሚገባባቸው ምልክቶች

ዋናተኛው ደረቱን ከተጫነው ወይም ካመመው፣ ሕመሙ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከዘለቀ፣ ትንፋሹ በድንገት ካጠረው፣ ልቡ ያለ ሥርዓት ከመታ፣ ካዞረው ወይም ዓይኑ ከጨለመበት ወዲያው መውጣት አለበት። የፊት አንድ ጎን መጣመም፣ የአንድ እጅ ወይም እግር መዛልና የአንደበት መተሳሰር የስትሮክ ምልክቶች ናቸው። ይህ ያጋጠመው ሰው «እስኪያልፍለት» ቤት መቆየት የለበትም፤ የጀመረበት ሰዓት ተይዞ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዳል። የግፊት መድኃኒት ደራርቦ መስጠት አደገኛ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የአምቡላንስ ጥሪ ቁጥር 907 ነው።

ስለዚህ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለበት ሰው ብቻውን መዋኘት የለበትም። አብሮት የሚሄደው ሰው ዋና የሚችል፣ ሕመሙን የሚያውቅና የሚወስደውን መድኃኒት ስም የሚነግር ቢሆን ይመረጣል። ሕይወት አድን ሠራተኛ ባለበት ገንዳ የሚዋኝ ሰውም ሕመሙን አስቀድሞ ለሠራተኛው ቢያሳውቅ ይጠቅመዋል።

ደግሞ ይዩ

- ከፍተኛ የደም ግፊት
- ስትሮክ
- ብልሃርዚያ
- ዋና
- የሐይቅ ሐይቅ
- ሐይቅ እስጢፋኖስ